ያቺ ቀይ መኪናና የእኔ ሳሙና

መኪናዋ ያላት ወንበር ሁለት ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም። ስድስት ነፍስ ባለበት ቤት ሁለት ወንበር ያላት መኪና የሚገዛ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ስለሌለኝ ነው።

ባሌ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ትራክተር ነድቷል። ከከተማችን ከገንዳ ውሃ እስከ አብርሃ ጅራ ያላረሰው ጥቁር አፈር የለም። ቤት ሲገባ ከጥርሱ በቀር ነጭ ነገር አይታይበትም ነበር። የኔ የሚለው ሞተር ግን ኖሮት አያውቅም። ይህን አውቃለሁ፤ አልክድም። ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ ሕዝቡ በመተማ ዮሐንስ ሲጎርፍ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ቀይ መኪና በጭነት መኪና ላይ ጭነው ተሻገሩ። አባታቸው በእንግሊዞች ጊዜ ከአንድ እንግሊዛዊ የገዟት ናት አሉ። ሽማግሌው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጎንደር መቀጠል ነበረባቸው፤ መኪናዋን ይዘው መቀጠል አልቻሉም። ባሌ በዚያ ሲያልፍ አያት። ምን እንደሸጠ፣ ማንን እንደለመነ አላወራም። በሦስተኛው ቀን ግቢያችን ውስጥ ከኒም ዛፏ ሥር ቆማ አገኘኋት።

ከመሬት ከፍታዋ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ጣራዋ ሸራ ነው፤ እንደ ጃንጥላ ይታጠፋል። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። ጎማዎቿ እንደ ብስክሌት በሽቦ የተወጠሩ ናቸው። የፊት መብራቶቿ የእንቁራሪት ዓይን ይመስላሉ።

«የስፖርት መኪና ናት» አለኝ ባሌ፣ በመዳፉ ጀርባዋን እያሻሸ። «እንግሊዞች ለሩጫ የሠሯት።»

«እኛ ወዴት ነው የምንሮጠው?» አልኩት።

 በክረምት ጭቃችን ትራክተር እንኳ በሚውጥበት አገር፣ ሆዷ መሬት የሚልስ መኪና!

ለጥቂት ወራት ጉዳት አልነበራትም፤ ቤንዚን ጠፍቶ ነበርና። ማደያው ተዘግቶ ይከርማል፤ የተከፈተ ቀን ሰልፉ ከከተማ ይወጣል። መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ደግሞ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ሻጩም አያውቀው፤ አንዴ ቢቀዱላት ሳምንት ሙሉ አሳላት። ስለዚህ ቆመች። ዶሮዎቼ ወንበሯ ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ። ባሌ ሲያባርራቸው እኔ በጓሮ በኩል እመልሳቸዋለሁ። ከዚያች መኪና ጋር የዚያን ጊዜ ያህል ተስማምቼ አላውቅም።

ከዚያ መካኒኩ መጣ። የአገራችን ልጅ ነው፤ ካርቱም ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቶ ጦርነቱ የመለሰው። ኮፈኗን ከፍቶ ሞተሯን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እንዲህ ያለች ቆንጆ በጥም ትሙት? በጋዝ አስነሣልሃለሁ። ሴቶቹ በሚያበስሉበት ጋዝ። ፕሮፔን ነው የሚባል። ካርቱም ታክሲው ሁሉ በሱ ነው።»

ባሌ ዞር ብሎ አየኝ። እኔን አልነበረም ያየው፤ ሲሊንደሬን ነው።

መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ ለእርሻ ሠራተኞች ከማብሰል ተነሥቼ እዚህ የደረስኩ ነኝ። ሁለት የጋዝ ሲሊንደር ነበረኝ። ሱዳኖቹ አንቡባ ይሉታል። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እቀጥላለሁ፤ አውቶቡስ ለወረደ እንግዳ «ጋዝ አልቋል» አይባልም። ባሌ «አንዱን ለጊዜው» አለኝ። ለጊዜው ነው ያለው።

ሲሊንደሩ የመኪናዋ ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቆሞ አልገባ አለ፤ ጠባብ ናት። አስተኙት። በገመድ ጠፍረው፣ ቱቦውን በወንበሮቹ መሐል አሳልፈው ከሞተሩ ጋር ሊያገናኙ ሲሉ ደረስኩባቸው።

«ሲሊንደር አይተኛም» አልኩ።

መካኒኩ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «እቴቴ፣ እርስዎ ወጥ ቤት ያውቃሉ። ይሄ ወጥ ቤት አይደለም።»

«ጋዙ ያው ነው።»

«ጋዙ ያው ቢሆን ሥራው ሌላ ነው። እዚያ ሽንኩርት ያቁላላል፣ እዚህ ፒስተን ይገፋል።»

ኒሟ ጥላ ሥር የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ ሳቁ። ባሌም ሳቀ። ይህችን ሳቅ አልረሳትም።

ሲሊንደር እንደማይተኛ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከአብርሃ ጅራ ወዲያ ባለ እርሻ ላይ ስሠራ የወጥ ቤቱ አለቃ አንዲት የወሎ ሴት ነበሩ። ለሁለት መቶ ሰው የሚያበስሉ። በመጀመሪያው ቀን ጋዙን ልለኩስ ክብሪት ሳወጣ እጄን በጭልፋ መቱኝ። ጣሳ ላይ የልብስ ሳሙና በጥብጠው አረፋ አወጡ፤ የዶሮ ላባ አንስተው በአረፋው ነከሩ፤ ቱቦው ከሲሊንደሩ የሚገናኝበትን ቦታ በላባው ቀቡት።

«እይ» አሉኝ። «አረፋው ዝም ካለ ለኩሽ። ከተነፋ ግን ይሄ ጋዝ የሚሉት ሰውዬ እየተነፈሰ ነው። እሱ እየተነፈሰ እሳት ካሳየሽው አንቺ ነሽ የማትተነፍሽው።»

እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ላባ ሳልነክር ምድጃ ለኩሼ አላውቅም። ሲሊንደር እንደማይተኛ ያስተማረኝ ግን እሳቱ ራሱ ነው። ምግብ ቤቱን በከፈትኩ በዓመቱ፣ ሰው በዝቶ፣ አንድ ሠራተኛ የሽንኩርት ጆንያ ሲያነሣ ሲሊንደሩን ገፍቶ ጣለው። ሲሊንደሩ በተኛበት ምድጃው አልጠፋም፤ እሳቱ ሰው የሚያህል ሆኖ ቆመ። ጋዙ ሲሊንደሩ ውስጥ እንደ ውሃ ነው የሚቀመጠው። ቆሞ ሲሆን የሚወጣው ትንፋሹ ነው፤ ሲተኛ ውሃው ራሱ ይወጣል። ይህን ያኔ ነው በእጄ ሥጋ ያወቅሁት። ክንዴ ላይ ጠባሳው አለ። የመጀመሪያዋ ልጄ ጀርባዬ ላይ ታዝላ ነበር። ነጠላው ተያያዘ። ከግራ ጆሮዋ ጀርባ፣ ጸጉር የማይበቅልበት፣ የአውራ ጣት የሚያህል ቦታ አላት። እሷ አታስታውሰውም። እኔ ጸጉሯን በሠራሁ ቁጥር አስታውሳለሁ።

መካኒኩ ሥራውን ሲጨርስ «ያፈስ እንደሆነ እንየው» አለ። ሳሙና ላመጣ ተነሣሁ። ዞር ስል ላይተር ከኪሱ አውጥቶ ለኩሷል። እሳቱን በቱቦው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስኬዳል።

«ቢያፈስ ይነድ ነበር» አለ። «አልነደደም። አለቀ።»

ሦስቱን ትንንሾቹን እጅ እጃቸውን ይዤ ከግቢ ወጣሁ፤ ከጎረቤት አጥር ጀርባ ቆምኩ። የጎረቤቴ ባል «ምን መጣ?» ብሎ ወጣ። «በላይተር እያዩት ነው» አልኩት። ገብቶ አብሯቸው ያይ ጀመር። እንግዲህ የወንድ ነገር ይህ ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ከቤት ትቶ፣ በእሳት የሚፈተሽ ጋዝ ለማየት ይሮጣል።

ሞተሩ ተነሣ። እንዴት ያለ ድምፅ! ውሸት አልናገርም፤ ያምራል፤ እንደ ከበሮ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ የገንዳ ውሃን ሰው ሁሉ ያሳበደው ነገር መጣ። ከሞተሩ አጠገብ ያለው የጋዝ መቆጣጠሪያና ቱቦው በረዶ ለበሱ። ነጭ በረዶ። በዚያ ሐሩር፣ ሰው ቆዳውን አውልቆ ቢሰቅል በሚወድበት ቀን።

«መተማ በረዶ ጣለ!» እያሉ ጮኹ። አንዱ የሃይላንድ ውሃውን አስጠግቶ አቀዘቀዘና ጠጣ። ሌላው ግንባሩን አስነካ። በነጋታው የሰፈሩ ሰው ጠርሙስ ጠርሙሱን ይዞ መጣ። በረዶ የሚያወጣው የተኛው ሲሊንደር ውሃ ራሱ በቱቦው ስለሚያልፍ ነው፤ ትንፋሹ ብቻ ቢሆን እንዲያ አይሆንም። ጎማ ቱቦ ደግሞ ቀን በፀሐይ እየተቀቀለ፣ ሞተር ሲነሣ በረዶ እየለበሰ ስንት ቀን ይቆያል? ይህን ተናገርኩ። ባሌ «ሴትዮ፣ ሰው ሲደሰት አትወጂም» አለኝ።

ደስታ አልወድም ማለት ነው። አራት ልጅ አሳድጌ፣ አንዳቸውንም ወንዝ ሳይወስድብኝ፣ ወባ ሳይገድልብኝ፣ እባብ ሳይነድፍብኝ፤ ለዚህ ሁሉ የተሰጠኝ ስም ይህ ነው።

መኪናዋ ታወቀች። ከዚያ ሙሽሮች ይፈልጓት ጀመር። ጣራዋ ተከፍቶ፣ አበባ ተደርጎላት፣ ሙሽሪት ከጎን ተቀምጣ ከተማውን ስትዞር ሰው ሁሉ ይወጣል። ባሌ ሱፉን ለብሶ ይነዳል። እኔ ያንን ቀን ምግብ ቤቴ ውስጥ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ እውላለሁ። 

የፈራሁት ቀን መጣ። ልጄ ታጨች። እጮኛዋ መተማ ዮሐንስ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ጨዋ ልጅ፤ በእሱ ክፉ አልናገርም። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያ ላይ ሆነ። የዓመቱ ሐሩር ጫፍ። ከገንዳ ውሃ መተማ ዮሐንስ ድረስ በዚያች መኪና እንድትሄድ ወንዶቹ ተስማሙ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

«አይሆንም» አልኩ።

ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እማ፣ የሰው ልጅ ሁሉ በአባቴ መኪና ተሞሽሯል። እኔ ብቻ በሚኒባስ ልሂድ?»

«ሚኒባስ ምን አለበት? ጣራ አለው። ወንበር አለው።»

«እማ፣ በሕይወቴ አንድ ቀን ነው።»

«እኔም የምፈራው ያንኑ አንድ ቀን ነው።»

ተነሥታ ሄደች። ማታውን ባሌ ምንም ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ፣ «ሃያ ዓመት የሰው ሞተር ላይ ተቀምጬ የሰው እርሻ አረስኩ። ልጄን በራሴ መኪና ልዳር» አለኝ። በዚህ ጊዜ እንዳዘንኩለት ይታወቅልኝ። ቢሆንም ከሱ ሕልም ኋላ የሚተኛው የእኔ ሲሊንደር ነው፤ ከሲሊንደሩ ፊት የምትቀመጠው የእኔ ልጅ ናት።

ነገሩ ከረረ፣ ሽማግሌ ገባ። የባሌ ታላቅ ወንድም መጡ። እሳቸውን አከብራለሁ፤ ተነሥቼ ተቀበልኳቸው። ሦስት ነገር ጠየቅኩ። አንደኛ ሲሊንደሩ ይቁም። ሁለተኛ ቱቦው በአዲስ ይቀየር። ሦስተኛ መኪናዋ አጠገብ ጥይት አይተኮስ። እዚህ ቆላ ሠርግ ያለ ጥይት ሠርግ አይመስላቸውም።

«እርስዎ ይፍረዱ፣ የበዛ ነገር ጠየቅኩ?»

«የበዛ አይደለም፣ ልጄ» አሉ። ወደ ባሌ ዞረው «ታደርጋለህ?» አሉት።

«አደርጋለሁ።»

«መካኒኩስ?»

«ቱቦውን እቀይራለሁ፤ ሲሊንደሩም በሆነ መንገድ ይቆማል» አለ መካኒኩ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

አመንኩ። እናትነት ጅልም ያደርጋል።

የሠርጉ ቀን ጠዋት ዳሱ ተጥሏል፤ ሴቶቹ ወጥ ቤት ገብተዋል፤ ልጄ ጎረቤት ቤት ጸጉሯን ትሠራለች። ጣሳዬን፣ ሳሙናዬን፣ ከዶሮዬ ያነሣሁትን ላባ ይዤ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። በአበባና በሪባን ተሸፍናለች። የኋላውን ከፈትኩ። ሲሊንደሩ እንደተኛ ነው። እርጥብ ጆንያ አልብሰው፣ በላዩ የላስቲክ አበባ ነስንሰውበታል። ቱቦው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነው። አዲስ መሰለኝ፤ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። በጥፍሬ ስፍቀው ጥቁር ቀለም በጣቴ ወጣ። ከሥሩ የድሮው ቱቦ ነው፤ የተሰነጠቀበት በፕላስተር ተጠቅልሏል።

ላባውን ነክሬ ቀባሁት። መጀመሪያ ዝም አለ። ቆየና ከፕላስተሩ ጠርዝ አንዲት አረፋ ወጣች። አደገች። የበቆሎ ፍሬ አከለች። ፈነዳች። ወዲያው ሌላ ተተካች።

መካኒኩን ጠራሁት። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየና አረፋውን በአውራ ጣቱ ጠረገው።

«ላብ ነው» አለ።

«ምን አልክ?»

«ላብ፣ እቴቴ። በዚህ ሙቀት ማን አያልብም? እርስዎም እያላበዎት ነው።»

«ቱቦው ይቀየራል ብለህ አልነበር?»

«ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገለጉ ፈልጌ አጣሁ። ደግሞ ስንት ሙሽራ አድርሷል? ዛሬ ምን የተለየ ቀን ነው?»

ዛሬ ምን የተለየ ቀን ነው አለኝ። ልጄን በምድርበት ቀን።

አልጮኽኩም። ብጮኽ ሰው ይሰበሰባል፣ «ደነገጠች፣ ውሃ ስጧት» ይባላል፤ ውሃ ስጠጣ መኪናዋ ትሄዳለች። ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። እሱ እስኪሄድ አበባ የማስተካክል መሰልኩ። ከዚያ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘጋሁ፤ በወጥ ቤቴ መፍቻ ቱቦውን ፈታሁ፤ ሁለቱን ረዳቶቼን ጠርቼ በጓሮ በኩል ተሸክመን ወጥ ቤት አስገባነው። አቆምኩት። በራሴ ቱቦና በራሴ መቆጣጠሪያ ከትልቁ ምድጃዬ ጋር አገናኘሁት። በላባ አየሁት፤ ዝም አለ። ለኮስኩትና የአልጫውን ትልቅ ድስት ጣድኩበት።

እኩለ ቀን ሲሆን ሙሽራውና ሚዜዎቹ በሚኒባስ መጡ። ልጃገረዶቹ በሩን ይዘው ዘፈኑ፣ ተከራከሩ፣ አስገቡ። ተበላ። ከዚያ ባሌ ሱፉን ለብሶ፣ ሙሽሪትን ከማውጣቱ በፊት መኪናዋን ሊያስነሣ ገባ። ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ክር፣ ክር፣ ክር። ዝም። ክር፣ ክር። ዝም። የሰው ጉምጉምታ። ከዚያ የመካኒኩ ድምፅ፣ «ኧረ ሲሊንደሩ የለም!»

ባሌ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመ። ፊቱ ከመኪናዋ ቀልቷል።

«የት አለ?»

«ከአልጫው ሥር።»

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል?»

«ቱቦው ይተነፍሳል። በቀለም ነው የሸፈናችሁብኝ። ቃል ገብተህልኝ ነበር፤ በወንድምህ ፊት።»

«ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው! አምጪው!»

እጁን ወደ ድስቱ ዘረጋ። ለሠርጉ የመጡት የጎጃሟ አክስቴ ጭልፋ እንደያዙ ከመሐል ገቡ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ማንንም አይፈሩም።

«አንተ ሰውዬ፣ ለሠርገኛ ጥሬ አልጫ ልታበላ ነው? ከሠርግ ድስት ሥር እሳት የሚሰርቅ አባት ዛሬ ገና አየሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ባሌ እጁን ሰበሰበ። ገና ሁለተኛው ዙር እንግዳ አልበላም ነበር። የሠርግ ድስት ከእሳት አይወርድም፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ድስቱን የጣድኩትም ለዚሁ ነው።  «አዋረድሽኝ» አለና ወጣ።

ልጄ በሚኒባስ ሄደች። ከሹፌሩ ጎን አስቀመጧት። ከመውጣቷ በፊት እንደ ደንቡ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ እሱ አለቀሰ። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ጎንበስ ስትል ጸጉሯ ወደ ላይ ስለተያዘ ከጆሮዋ ጀርባ ያለችው ቦታ ታየችኝ። ጸጉር ሠሪዋ በአንዲት ነጭ አበባ ልትሸፍናት ሞክራለች፤ አበባዋ ተንሸራታለች። ጉልበቴን ሳመች። ቀና ሳትል፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እማ፣ ይህን አልረሳልሽም» አለችኝ።

መርቄ ሸኘኋት። ምን ብዬ እንደመረቅኳት አላስታውስም።

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ተኮሱ። ቃል የገቡት ያው ለወግ ነው። ቆማ በቀረችው ቀይ መኪና አጠገብ ቆመው ወደ ሰማይ ያንደቀድቁታል። እንግዳው ሲበተን ሄጄ አየኋት። ከሙሽሪት ወንበር ላይ ሁለት የጥይት ቀለህ ወድቋል፤ አንዱ ወንበሩን አቃጥሎ ትንሽ ጥቁር ቀዳዳ አበጅቷል። ለባሌ አሳየሁት።

«ጋዝ አልነበረባትም፣ ምን ሆነ?» አለኝ።

«ጋዙ ቢኖርስ?»

«አልነበረማ!»

እነዚያን ሁለት ቀለሆች አስቀምጫቸዋለሁ። ለማን እንደማሳያቸው ግን አላውቅም። በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም። ቢፈነዳ ኖሮ ሁሉም «እናቷ ተናግራ ነበር» ይሉ ነበር፤ ይህን ለመስማት ልጄን መቅበር ነበረብኝ። ስላልፈነዳ ደግሞ የልጇን ሠርግ ያበላሸች ሴት ነኝ። ልጇን ጠብቃ ያተረፈች እናት የት እንደምትመዘገብ የሚነግረኝ ሰው የለም።

ከተማው ቀልድ አደረገኝ። ምግብ ቤቴ የሚገቡ ሹፌሮች «እናት፣ አልጫው በየትኛው መኪና ነው የበሰለ?» ይሉኛል። አንዱ የባጃጅ ልጅ በሩን ባለፈ ቁጥር «ሳሙና አለ?» ብሎ ይጮሃል። መካኒኩ ለባሌ ሌላ ሲሊንደር ፈልጎለት፣ ያንንም አስተኝቶ፣ መኪናዋ እንደገና ትሄዳለች። ባሌ እስከ ዛሬ አጠገቧ ቆሞ በረዶውን ለእንግዳ ያሳያል። ከትንንሾቹ አንዳቸውም እንዳይገቡባት ከልክያለሁ፤ «ፈሪ አደረግሻቸው» ይለኛል። ፈሪ ይሁኑ። የፈሪ እናት አታለቅስም የተባለው በከንቱ አይደለም።

ልጄ ወራት ሙሉ አላናገረችኝም። ስልክ ስደውል ባሏ ያነሣል፤ «ደህና ናት፣ እማማ» ይለኛል፤ የሷን ድምፅ ከኋላ እሰማለሁ። ስታረግዝ ለአባቷ ነው የነገረችው። ልትወልድ ስትደርስ ግን መጣች፤ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና። አረስኳት፣ አጠብኳት፣ አበላኋት። ስለ ሠርጉ አንድ ቃል አልተናገርንም።

ባለፈው ወር የመመለሻዋ ቀን ደረሰ። ሕፃኑን ታቅፋ፣ ጓዟ ተሰብስቦ ግቢ ውስጥ ቆመች። ባሌ መኪናዋን ወልውሎ ኒሟ ሥር አቁሟታል። አያት ከሆነ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል፤ የልጅ ልጁን በዚያች መኪና ለማድረስ ቀን ሲቆጥር ነበር።

«ግቢ እንጂ፣ ልጄ! ያኔ ያመለጠሽን ዛሬ!» አላት፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነው።

እኔ የታሰረ ጓዟን እንደገና ማሰር ያዝኩ። ብናገር በእልህ ትገባለች ብዬ ፈራሁ። 

ልጄ መኪናዋን አየች። ሕፃኑን አየች። ከዚያ መጥታ ሕፃኑን እጄ ላይ አስቀመጠችውና ወጥ ቤት ገባች። ስትወጣ ሳሙና የበጠበጠችበትን ጣሳዬን ይዛለች። ጎንበስ ብላ ዶሮዎቹ ከሚጭሩበት መሬት አንድ ላባ አነሣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አላት አባቷ።

 የኋላውን ከፈተች፤ ጆንያውን ገለጠች፤ ላባውን ነክራ ቱቦውን ከጫፍ ጀምሮ ቀባችው። አስተምሬያት አላውቅም። ሕፃን ሆና ምድጃዬ አጠገብ ተቀምጣ አይታኝ ነው። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ዝም አለ። ባሌ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከማያያዣው ሥር አንዲት አረፋ ወጣች፤ አደገች፤ ፈነዳች። ሌላ ተተካች።

ልጄ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሕፃኑን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ልክ ነበርሽ» አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ወደ በሩ ሄደች፤ ከበሩ ላይ ሆና ሳትዞር፣

«እማ፣ እስከ መናኸሪያው ባጃጅ ጥሪልኝ» አለች።

ያንን ባለ ሳሙና ባለጌ የባጃጅ ልጅ ራሱን ጠራሁላት።